ስሙ የሚሸጠው ከነአጥሩ ነው

መርካቶ በርበሬ ተራ የገባ ገዢ "ማረቆ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም "አዎን፣ ማረቆ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ገዢው የሚተማመነው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በደንበኝነቱ ብቻ ነው። ጤፍ "የአዳ"፣ ቅቤ "የሸኖ" ሲባልም ነገሩ ያው ነው። የቦታው ስም ዋጋው ላይ ብር ይጨምራል፤ ለስሙ እውነተኛነት ፊርማውን የሚያኖር ግን የለም። ጣሊያኖች ይህንኑ የገበያ አፍ ወስደው ካርታ፣ ሕግ፣ ተቆጣጣሪና ማኅተም ሰጡት። ባሮሎ፣ ብሩኔሎ፣ ኪያንቲና ፕሮሴኮ የተባሉት ወይን ጠጆች በዓለም ገበያ የሚሸጡት በዚሁ አሠራር ነው።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በሁለት በኩል ይነካዋል። የጣሊያን ወይን ጠጅ የሚያስመጣው ነጋዴና የሚገዛው ሆቴል ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተው ዋጋ ይወስናሉ። ብዙውን ጊዜም ወረቀቱ የማይለውን እንደሚል አድርገው ያነቡታል። ከዚህም ሌላ አገሪቱ በውጭ ገበያ የምትታወቅበት ሸቀጥ ቡና ነው፤ ቡናውም የሚጠራው በቦታ ስም ነው። እንግዲህ ስም በአጥር ሲጠበቅ ምን እንደሚያተርፍ፣ አጥሩ ሲላላም ምን እንደሚያከስር ከጣሊያኖቹ ስሌት መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ምን ይላል?

የጣሊያን መንግሥት ሐምሌ 12 ቀን 1963 ባወጣው ቁጥር 930 ድንጋጌ ለወይን ጠጅ ሁለት ደረጃ አበጀ። አንደኛው ዲ.ኦ.ሲ. ሲሆን ቁጥጥር የሚደረግበት የምንጭ ስያሜ ማለት ነው። ሁለተኛው ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. በዚያው ላይ "ዋስትና" የሚል ቃል ይጨምራል። በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ የዲ.ኦ.ሲ. ስያሜ ያገኘው የቶስካናው ነጭ ወይን ጠጅ ቬርናቻ ዲ ሳን ጂሚኛኖ ነበር። በ1992 የወጣው ቁጥር 164 ሕግ ደግሞ ከሁለቱ በታች አይ.ጂ.ቲ. የተባለ፣ ደንቡ ላላ ያለ ሦስተኛ ደረጃ ጨመረ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ሁለቱን ከፍተኛ ደረጃዎች በአንድ "የተጠበቀ የምንጭ ስያሜ" ሥር ቢያደርጋቸውም ጣሊያኖች የለመዷቸውን ፊደላት ከጠርሙሱ ላይ አላነሱም። ዛሬ ዲ.ኦ.ሲ. ያላቸው ስሞች ከ300፣ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ያላቸው ደግሞ ከ70 በላይ ናቸው።

እያንዳንዱ ስም የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ወይኑ ከየትኞቹ ወረዳዎች መምጣት እንዳለበት፣ የትኛው የወይን ዝርያ እንደሚገባበት፣ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ብቻ እንደሚለቀም፣ ስንት ጊዜ በበርሜል፣ ስንት ጊዜ በጠርሙስ እንደሚቆይ በዝርዝር ይደነግጋል። ኩንታል እዚያም እንደ እኛው መቶ ኪሎ ነው።

የባሮሎን ደንብ እንመልከት። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር ከሚገኙ 11 ወረዳዎች ውጭ ባሮሎ የለም። ኔቢዮሎ ከተባለው ዝርያ በስተቀር ምንም አይገባበትም። ከሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ አይለቀምም። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት ይቀመጣል፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን ወራት በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው። በአንፃሩ ፕሮሴኮ በዲ.ኦ.ሲ. ደረጃው ከሄክታር እስከ 180 ኩንታል ይፈቀድለታል፤ ወይኑ በተለቀመ በወራት ውስጥም ይሸጣል። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ የሁለቱም ምንጭ የተረጋገጠ ነው። ነጋዴ ለሆነ ሰው ግን የዋጋቸው ልዩነት ከዚሁ ስሌት ወለል ብሎ ይታያል። የባሮሎው አምራች ከመሬቱ የሚያገኘው ፍሬ ከግማሽ በታች ነው፤ ገንዘቡም ከሦስት ዓመት በላይ ታስሮ ይቆያል። የዚያን ጊዜ ወለድ የሚከፍለው በመጨረሻ ጠጪው ነው። ይህም ሆኖ ባሮሎ በሚበቅልባቸው ኮረብታዎች ለምርጥ ቦታዎች በሄክታር ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይጠየቃል። ገዢው በዚህ ዋጋ አፈሩን ብቻ አይገዛም፤ ከ11 ወረዳዎች ውጭ ያለው ጎረቤት በዚያ ስም እንዳይሸጥ የሚከለክለውን አጥር አብሮ ይገዛል።

ስለዚህ ፊደላቱ ወይን ጠጁ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሠራ ይናገራሉ። ጣፋጭ ነው አይሉም። ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ከመታሸጉ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ቀማሾችም ይቀምሱታል። የቀማሾቹ ሥራ ግን ነውር ያለበትን መጣል እንጂ ምርጡን መሸለም አይደለም። በዚህ ረገድ እዚህ አገር ያሉ ገዢዎች በብዛት ይሳሳታሉ፤ አራቱን ፊደል ባዩበት ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ ይገምታሉ።

የኪያንቲ ታሪክ

ስም አጥር ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ በ1963 የተጀመረ አይደለም። የቶስካና ገዢ የነበሩት ኮሲሞ ሣልሳዊ ደ ሜዲቺ በ1716 ባወጡት አዋጅ ኪያንቲን ጨምሮ የአራት ወይን አብቃይ ቦታዎችን ወሰን በጽሑፍ አስቀምጠው ነበር። ዓላማው የንግድ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላከው ወይን ጠጅ እንዳይጭበረበር ነው።

ይሁን እንጂ ስም ሲገን ጎረቤት ይበዛበታል። በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካሉት ኮረብታዎች ውጭ የተመረተ ወይን ጠጅም "ኪያንቲ" እየተባለ መሸጥ ጀመረ። በ1924 ራዳ በተባለች መንደር 33 የነባሩ ቦታ አምራቾች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ጥቁር አውራ ዶሮም ምልክታቸው ሆነ። መንግሥት በ1932 የሰጠው መልስ ግን ማኅበርተኞቹ የጠበቁት አልነበረም። ከውጭ የገቡትን ከማስወጣት ይልቅ ካርታውን አሰፋና ሁሉንም ኪያንቲ አላቸው፤ አካባቢው በሰባት ተከፈለ። ለነባሩ ቦታ የተሰጠው ማጽናኛ "ክላሲኮ" የሚል ቅጥያ ነው። ርስቱን ለጎረቤት አካፍሎ ባለርስቱን "ነባሩ" ብሎ እንደመጥራት ያለ ፍርድ ነው።

ከዚህ የባሰው የተከተለው በ1967፣ ኪያንቲ ዲ.ኦ.ሲ. ሲያገኝ ነበር። የወጣው ደንብ ቀዩን ወይን ከ10 እስከ 30 በመቶ ከሚደርስ ነጭ ወይን ጋር መቀላቀልን ግዴታ አደረገ። የሐሳቡ ምንጭ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ በ1872 የጻፉት የቅይጥ ቀመር ነው። ሪካሶሊ ነጩን የመከሩት ቶሎ ለሚጠጣ ወይን ጠጅ ነበር፤ ሕጉ ግን ለሁሉም አደረገው። ትሬቢያኖ የተባለው ነጭ ዝርያ ብዙ ፍሬ ስለሚሰጥ ደንቡ ብዛት ለሚፈልግ አምራች ተመቸ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሣር በተለበጠው ሆዳም ጠርሙስ ወደየአገሩ የጎረፈው ኪያንቲ አብዛኛው ስስና ርካሽ ነበር። በየሬስቶራንቱ ጠርሙሱ ከወይን ጠጁ ይልቅ በሻማ መቆሚያነቱ የታወቀበት ዘመን ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ገበያው ሕጉን ጥሎት የሄደው። ከባሕሩ ዳር ከቦልጌሪ አካባቢ ሳሲካያ የተባለ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን ከተሰኘው የፈረንሳይ ዝርያ የተሠራ ወይን ጠጅ ከ1968 ምርት ጀምሮ ለሽያጭ ቀረበ። የፍሎረንሱ አንቲኖሪ ቤተሰብ በበኩሉ የ1971ን ምርት ቲኛኔሎ ብሎ አወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም ነጩን ወይን ከቅይጡ ጨርሶ አስወጣ። ሁለቱም ደንቡን ስላላሟሉ ጠርሙሳቸው ላይ ሊጽፉ የተፈቀደላቸው "የገበታ ወይን ጠጅ" ብቻ ነበር። ይህም በሕጉ መሰላል የመጨረሻው እርከን ነው። ዋጋቸው ግን ከኪያንቲው እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ። በወረቀት የመጨረሻው በገንዘብ የመጀመሪያው ሲሆን ነጋዴ የሚያምነው የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሕጉ ከዚያ በኋላ ገበያውን ሲከተል ኖረ። ኪያንቲ በ1984 ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ሲሆን የነጩ ወይን ድርሻ ተቀነሰ። ሳሲካያ በ1994 በቦልጌሪ ዲ.ኦ.ሲ. ውስጥ ቦታ አገኘ፤ በ2013 ደግሞ ለብቻው ስያሜ ተሰጠው። ኪያንቲ ክላሲኮ በ1996 ከሰፊው ኪያንቲ ተለይቶ የራሱን ደንብ ያዘ። ነጭ ወይን ከኪያንቲ ክላሲኮ ፈጽሞ የተከለከለው በ2006 ነው። አንድ የተሳሳተ ቅይጥ ለማረም አርባ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀረው ማለት ነው። የምንጭ ስያሜ ደጋፊዎች ይህን ታሪክ ማንሳት አይወዱም። መጥፎ ቀመርን በሕግ ማጠር መጥፎ ዕቃን መጠበቅ መሆኑን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ሞት የታከለበት ዓመት

በመጋቢት 1986 በሰሜን ጣሊያን ርካሽ ወይን ጠጅ የጠጡ ሰዎች መሞት ጀመሩ። ምርመራው ሲካሄድ የአልኮል መጠኑን ከፍ ለማድረግ ሜታኖል የተባለው መርዛም አልኮል እንደተጨመረበት ታወቀ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። ውጭ አገር የሚላከው ወይን ጠጅ ሽያጭ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ገዢው አገር "ይህ ከባሮሎ ነው፣ ያ ከታንከር ነው" ብሎ አልለየም። "የጣሊያን ነው" ብሎ በጅምላ ሸሸ።

ከዚህ በኋላ ነው በጣሊያን የወይን ጠጅ ንግድ ውስጥ ያለው አስተሳሰብ ከብዛት ወደ ዋጋ ያዘነበለው። በዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ጠርሙስ አንገት ላይ የሚታሠረው ቁጥር ያለው ወረቀትም ክብደቱ የታየው ያኔ ነው። ይህን ወረቀት የሚያትመው ፓስፖርት የሚያትመው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀቱ የሚሰጠው በተፈቀደው የምርት ልክ በመሆኑ አምራቹ ከደንቡ በላይ ቢያመርት ለትርፉ ጠርሙስ ማኅተም አያገኝም። ከፊደላቱ ሁሉ ይልቅ ለነጋዴ የሚጠቅመው ይህ የቆጠራ ሥርዓት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ቁጥር ሊመሳከር ይችላል፤ ምላስ ግን ይከራከራል።

ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ሌላ ፈተና ነበረበት። ሳንጆቬዜ ከተባለው ዝርያ ብቻ የሚሠራው ይህ ወይን ጠጅ ከተለቀመ ከአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ በፊት አይሸጥም። በ1980 ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱም እሱ ነው። በ2008 የሲዬና ዓቃቤ ሕግ አንዳንድ አምራቾች ሌላ ዝርያ ቀላቅለዋል በሚል ጥርጣሬ ምርመራ ከፈተ፤ ብዙ ወይን ጠጅም ታገደ። ዋናው ገዢ አሜሪካ፣ ንጹሕ ሳንጆቬዜ ለመሆኑ ማረጋገጫ ካልቀረበ እንደማያስገባ አስታወቀ።

ቀላሉ መንገድ ደንቡን ማላላት ነበር። ሜርሎ ቢገባበት ወይን ጠጁ ይለሰልሳል፤ ለአሜሪካ ምላስም ይቀርባል። ይህን የሚደግፉም ነበሩ። አምራቾቹ በጥቅምት 2008 ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ ግን እጅግ ብዙዎቹ መቶ በመቶ ሳንጆቬዜ ሆኖ ይቀጥል አሉ። ውሳኔው ከክብር ይልቅ ከሂሳብ የመጣ ይመስላል። ሜርሎ ቺሊም አለው፣ ካሊፎርኒያም አለው። ብሩኔሎ ሜርሎ ከተቀላቀለበት ከእነዚያ ጋር በዋጋ መፎካከር ሊኖርበት ነው። ሳንጆቬዜ ብቻ ሆኖ ሲቀጥል ግን ከሞንታልቺኖ ኮረብታ ሌላ ሻጭ የለውም።

አጥሩን ያሰፋው ፕሮሴኮ

እስከዚህ ድረስ የተባለው "አጥርህን አጥብቅ" የሚል ይመስላል። ፕሮሴኮ ግን አጥሩን አስፍቶ ነው የተሳካለት፤ ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

እስከ 2009 ድረስ ፕሮሴኮ የቦታ ስም ሳይሆን የወይን ዝርያ ስም ነበር። የዝርያ ስም ደግሞ የማንም ነው፤ ብራዚልም አውስትራሊያም ተክለው በዚያው ስም ሊሸጡ ይችላሉ። አንድ የኦስትሪያ ድርጅትም በቆርቆሮ አሽጎ ሲሸጠው ጣሊያኖቹ የሚከለክሉበት መሣሪያ አልነበራቸውም። በ2009 የተወሰደው እርምጃ ብልሃት የተሞላበት ነው። የዝርያው ስም ወደ ጥንታዊ መጠሪያው "ግሌራ" ተለወጠ። ትሪዬስቴ አጠገብ ፕሮሴኮ የምትባል ትንሽ መንደር ስላለች የስያሜው ክልል እስከዚያች መንደር ድረስ ተዘረጋና በሁለት ክፍላተ ሀገር ዘጠኝ አውራጃዎችን አቀፈ። በዚህ ሁኔታ የዝርያው ስም በአንድ ቀን የቦታ ስም ሆነ። የጥንቶቹ ኮረብታዎች ኮኔሊያኖ ቫልዶቢያዴኔና አዞሎ ደግሞ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ተሰጣቸው።

በገበያ ረገድ ውጤቱ አስደናቂ ነው። ዲ.ኦ.ሲ. ፕሮሴኮ ብቻውን በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ600 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ተመርቷል። በ2020 ሮዝማ ቀለም ያለው ፕሮሴኮም ተፈቀደ፤ ገበያው ጠየቀ፣ ደንቡ ተሻሻለ። አውስትራሊያውያን አምራቾች "ፕሮሴኮ የዝርያ ስም ነው" ብለው ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ በሲንጋፖር ግን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ለጣሊያኖቹ ማኅበር ፈርዷል።

ለዚህ ስኬት ዋጋ የከፈለው የኮረብታው ገበሬ ነው። ቁልቁለት ላይ በእጁ የሚለቅመው የቫልዶቢያዴኔ አምራች በሜዳው ላይ በማሽን ከሚለቅመው ጋር አንድ ስም ይጋራል፤ ሱፐርማርኬት የገባ ደንበኛም ሁለቱን አይለይም። በዚህ የተነሳ አንዳንድ የኮረብታው አምራቾች "ፕሮሴኮ" የሚለውን ቃል ከጠርሙሳቸው ላይ አንስተው "ቫልዶቢያዴኔ" ብቻ መጻፍ ይዘዋል። ሰው የራሱን ስም የሚሸሽበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። የኪያንቲ ነባሮች በ1932 ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። ልዩነቱ የፕሮሴኮው ማኅበር ቢያንስ አዲስ ወይን መትከልን በየጊዜው በማገድ የአቅርቦቱን መጠን በእጁ ማድረጉ ነው።

ጣሊያኖች ይኸው ሰይፍ በራሳቸውም ላይ ወድቋል። በፍሪዩሊ ክፍለ ሀገር "ቶካይ" እየተባለ ለብዙ ትውልድ ሲጠጣ የነበረው ነጭ ወይን ጠጅ ሃንጋሪ የቶካይ ስም ባለቤት በመሆኗ ከ2007 ጀምሮ በዚያ ስም መሸጡ ቀርቷል። ዛሬ "ፍሪዩላኖ" ነው። የሌላውን ስም አክብሩ የሚል አገር ይህን ዕዳ መክፈሉ የማይቀር ነው።

ስለ ስሞቹ መብዛት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩት ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ስሞች ከ70 ያለፉት ሁሉም ባሮሎን አክለው አይደለም። በ1987 ከነጭ ወይን ጠጆች መጀመሪያ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. የተሰጠው አልባና ዲ ሮማኛ ነበር። ውሳኔው የፖለቲካ ነው ተብሎ ያኔ ተተችቷል፤ ትችቱም ዛሬ ድረስ አልበረደም። ከሦስት መቶ ስሞች ውስጥ አብዛኞቹን ከየመንደራቸው ውጭ የሚያውቃቸው ገዢ የለም።

አንድ ድክመት ግን መጠቀስ አለበት። አሜሪካ በ2025 ከአውሮፓ ኅብረት በሚገባ ዕቃ ላይ የ15 በመቶ ቀረጥ ስትጥል ወይን ጠጅም አልተረፈም። የጫማ ፋብሪካ ቢሆን ማሽኑን ነቅሎ ቀረጥ ወደሌለበት አገር ይሄዳል። ባሮሎ ግን ከ11 ወረዳዎቹ ወጥቶ ባሮሎ አይሆንም። ሌላውን እንዳይገባ የከለከለው አጥር ባለቤቱንም እንዳይወጣ ያግደዋል። የቦታ ስም ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ባለሀብት ይህን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ለአስመጪው

ዋጋ ከመነጋገር በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። "ክላሲኮ" ማለት ነባሩ የመሐል ቦታ ነው፤ "ሪዜርቫ" ከደንቡ በላይ የቆየ ነው፤ "ሱፐሪዮሬ" በጥቂቱ ጠበቅ ያለ ደንብና አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ አልኮል ያለው ነው። ወይን ጠጁን የሠራውና ያሸገው አንድ መሆኑን ወይም ነጋዴ ገዝቶ ያሸገው መሆኑን ወረቀቱ ይናገራል፤ ብዙ ገዢ ግን ይህን መስመር አያነብም። በስም መመሳሰል የሚመጣ ኪሳራም አለ። "ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ" በቶስካና ያለች ከተማ ወይን ጠጅ ሲሆን የሚሠራው በዋናነት ከሳንጆቬዜ ነው። "ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ" ግን በአብሩዞ ክፍለ ሀገር የሚበቅል ሞንቴፑልቻኖ የተባለ ዝርያ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቃሉ ብቻ ነው፤ የዋጋቸው ልዩነትም ሰፊ ነው። ደላላው ሁለቱን እያምታታ ሲያቀርብ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ አውቆም ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን በሁለቱም መንገድ ይከስራል።

ወደ ቡናው ስንመለስ

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ በሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ። ያኔ ብዙዎች የጠየቁት "ለምን እንደ ጣሊያኖቹ የምንጭ ስያሜ አልተደረገም?" የሚል ነበር። የተሰጠው መልስ ምክንያታዊ ነው። ቡናው የሚመረተው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ጓሮ ነው፤ እያንዳንዱን ከረጢት ተከታትሎ ማረጋገጥ ከአቅም በላይ ወጪ ይጠይቃል። የንግድ ምልክት ስሙን ለመንግሥት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪ ቅጠሩ ግን አይልም።

ይህ ምርጫ ስሙን ከውጭ ሰው ጠብቆታል፤ በ2005 የነበረው አደጋም የውጭው ስለነበረ ትክክል ነበር። ከውስጥ ግን አጥር አላበጀለትም። ምርት ገበያው በ2008 ቡና ማገበያየት ሲጀምር በደረጃ ዝርዝሩ ላይ "ይርጋጨፌ" የሚለው ስም ከወረዳው አልፎ ወናጎንና ኮቸሬን አቀፈ። ቡናውም በደረጃ እየተቀላቀለ ስለሚሸጥ የውጭ ገዢዎች "ከየትኛው ማጠቢያ፣ ከየትኛው ገበሬ?" ብለው መከታተያ አጣን ሲሉ አማረሩ። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ቀጥታ ሽያጭን ሲፈቅድ የዚያ ቅሬታ አንድ ክፍል ተመልሷል።

የኮቸሬ ቡና ይርጋጨፌ መባሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የኮቸሬ ገበሬ የተሻለ ዋጋ አግኝቶበት ይሆናል፤ ቡናውም ከስሙ ያነሰ አይደለም። ጥያቄው ካርታው የተሠመረው በማን ነው የሚለው ነው። በ1932 የኪያንቲን ካርታ የሠመረው ሚኒስቴሩ ነበር፤ በ2008 የብሩኔሎን ደንብ ያጸኑት ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው በድምፅ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ዕድሜ እንዳለው የዋጋው ሰሌዳ ይመሰክራል።

ሌላው የወጪ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ተቆጣጣሪው፣ ላቦራቶሪውና የአንገቱ ወረቀት የሚከፈለው አምራቾቹ በምርታቸው መጠን ከሚያዋጡት ነው፤ የአንድ ጠርሙስ ድርሻ ትንሽ በመሆኑ ዋጋው ውስጥ ገብቶ አይታይም። ለይርጋጨፌ ወይም ለሐረር ቡና እንዲህ ያለ ቁጥጥር ይቋቋም ቢባል በኪሎ ምን ያህል ሳንቲም እንደሚወጣ፣ የሚያዋጣውም ላኪው፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ወይስ አጣቢው መሆኑ ከካርታውም ከምልክቱም በፊት ተሰልቶ መቅረብ ያለበት ሂሳብ ነው።